አባወራ የሚባለው ክላስ

የኔ ሥራ የሰው ስህተት መፈለግ ነው። ይህን ስል ብዙ ሰው ይስቃል፤ ግን ደሞዝ የሚከፈለኝ ለዚሁ ነው። አንዱ ፕሮግራመር ሠርቼ ጨረስኩ ያለውን ተቀብዬ እስኪበላሽ ድረስ እነካካዋለሁ፤ ሲበላሽ የቱ ጋ እንደተበላሸ ጽፌ እመልስለታለሁ። በዚህ የተነሳ ቢሮ ውስጥ ብዙ ወዳጅ የለኝም። ቦና ግን ወዳጄ ነው፤ አሁን ሌላ ሰፈር ቢኖርም ቀጨኔ አብረን ነው ያደግነው፤ ከመድኃኔዓለም ቁልቁል በሚወርደው መንገድ የነሱንና የኛን ግቢ የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው።

ቦና የሰፈራችንን እድር ፕሮግራም የሠራው ማንም ሳያስገድደው ነው። ጥሩምባ ነፊያችን ጋሽ አቢ አርጅተው ሸጎሌ፣ ልጃቸው ጋ ኮንዶሚኒየም ገብተው ነበር። እሳቸው ከሄዱ ወዲህ ሰው ሲሞት ማን ማንን እንደሚጠራ ግራ ገባ። አንዱ ሰምቶ ይመጣል፣ አንዱ ቀብሩ ካለፈ በኋላ ይሰማና ይቀየማል። የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ወልዱ ቦናን መንገድ ላይ አስቁመው፣ "እናንተ የተማራችሁት ለኛ ካልሆነ ለማን ነው?" አሉት። ቦና እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ መተኛት አይችልም። ሁለት ቅዳሜ ተቀምጦ ሠራው።

ከማስረከብህ በፊት አሳየኝ ብዬው ነበር። እሺ አለ፤ አላሳየኝም። ለእድር ደግሞ ምን ሙከራ ያስፈልገዋል ብሎ ነው። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

ያስረከበ ቀን በእድሩ አዳራሽ፣ ድንኳኑና ድስቱ በተከመረበት፣ ለአባላቱ ማብራሪያ ሰጠ። ማብራራት ይወዳል።

"ክላስ ማለት የኮንዶሚኒየም ፕላን በሉት" አለ። "ፕላኑ ላይ ማንም አይተኛም። ከፕላኑ የተሠራው ቤት ግን ኦብጀክት ነው። የራሱ ቁጥር፣ የራሱ ነዋሪ አለው። ፕላኑ አንድ፣ ቤቱ ብዙ።"

"እኔ እስካሁን ፕላኑ ላይ ነኝ" አሉ ጋሽ ወልዱ። ከተመዘገቡ ዘመን ቢቆጠርም እጣ ወጥቶላቸው አያውቅም። አዳራሹ ሳቀ።

ቦና ቀጠለ። የኮሚቴ አባልም እንደማንኛውም አባል ነውና፣ አባል ከሚለው ክላስ ሁሉን ይወርሳል፣ የራሱን ብቻ ይጨምራል አለ። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ጋሽ ወልዱ ጋ እንዳለ፣ ድንኳን የፈለገ እሳቸውን ይጠይቃል እንጂ ራሱ ገብቶ እንደማይጎትት፣ እያንዳንዱ ኦብጀክትም የውስጡን እንዲሁ ቆልፎ ይይዛል አለ። ከዚያ 'ቀብር' ወደሚለው ትእዛዝ መጣ። ሟቹ ኦርቶዶክስ ከሆነ ለቀስተኛውን ወደ ቤተ ክርስቲያን ይጠራል፤ ጴንጤ ከሆነ ወደኛ ወደ ጴንጤዎቹ መካነ መቃብር ይልካል። ትእዛዙ አንድ ነው፣ አፈጻጸሙ እንደየቤቱ። እናቴ ይሄን ወደደችው። ያለ ክርክር የተፈታ የሃይማኖት ጉዳይ ከዚያ በፊት አላየችም።

አባወራ የሚል ክላስም ነበረው። እድር በቤት ነው የሚቆጠረው፤ ስለዚህ ቦና ለእያንዳንዱ ቤት አንድ አባወራ ሠራ፤ ስልኩን፣ ሚስቱንና ልጆቹን ከነስልካቸው እሱ ውስጥ አስቀመጠ። ባሎቻቸው ቀደም ብለው የሞቱባቸውን ሴቶች ራሳቸውን አባወራ አድርጎ ስለመዘገባቸው ችግር አልነበረም። በሩ ጋ ተቀምጠው ከነበሩት ሚስቶች አንዳቸውም አልጠየቁም። እኔም አልጠየቅኩም፤ እኔ ኮዱን ካላየሁ አላወራም።

ፕሮግራሙ መጀመሪያ ከባድ ሥራ የገጠመው በራሱ በቦና አባት ነው። ጋሽ ኡርጌሳ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ችግኝ ሲያፈሉ የኖሩ ሰው ነበሩ፤ ኅዳር ላይ አረፉ። ጋሽ ወልዱ ስልካቸውን አወጡ፣ ስሙን ፈለጉ፣ 'አረፈ' የሚለውን ነኩ። የሰፈሩ ስልክ ሁሉ ባንድ ጊዜ ጮኸ። የድንኳኑ ምሰሶ ሳይቆም ግቢው ሞላ። ቦና ዐይኑ እንዳበጠ ወደኔ መጥቶ፣ "አየሽ፣ ሠራ" አለኝ። አዘንኩለት። እግዚአብሔር ያጽናህ ከማለት በቀር ምንም አላልኩትም።

በዚያ ሐዘን ከእናቱ ከእትዬ ዓለሜ ጎን ያልተነሡት እትዬ ደሳለች ናቸው። ሁለቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ ጓደኛሞች ናቸው። አንዷ የወለደችውን ሌላዋ አጥባለች፤ ጥጥ ሲፈትሉም አንድ ደጃፍ ላይ ነው። እትዬ ደሳለች ፍራሽ አስነጥፈው እዚያው ከረሙ፤ ለጓደኛቸው በእጃቸው እያጎረሱ አበሏቸው።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ የእትዬ ደሳለች ባል ጋሽ ለሊሳ ሆስፒታል ገብተው በማግስቱ አረፉ። እትዬ ዓለሜ በዚያ ሰሞን ሱሉልታ እህታቸው ጋ ነበሩ። ድሮ ቢሆን ሰው ይላክባቸው ነበር። አሁን ግን መልእክቱ ይደርሳል ብሎ ሁሉም ተማምኗል፤ ማንም አልደወለላቸውም። ቦናም ለሥራ ሐዋሳ ነበር። እትዬ ዓለሜ ሲመለሱ ቀብሩ አልፏል።

ድንኳኑ ውስጥ ነበርኩ፤ ሲገቡ አይቻለሁ። እያለቀሱ ሊያቅፏቸው ሲጠጉ እትዬ ደሳለች እጃቸውን አልዘረጉም።

"ዓለሜ፣ ስልክሽ አልጮኸም?" አሉ። "ሞጆ ያለ ሰው መጥቶ ቀብሮልኛል።"

"አልደረሰኝም፣ ደሳለች። በመድኃኔዓለም አልደረሰኝም።"

"ልጅሽ የሠራው ለአገር ምድሩ ደርሶ ላንቺ ሳይደርስ?"

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። እትዬ ዓለሜ ጥቂት ቆመው ወጡ። ከዚያ ወዲያ ሰላምታ ቀረ። የኛ መንገድ ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ሳይነካካ አያልፍም። እነሱ ግን አንዷ ስትመጣ ሌላዋ የሰው ግቢ በር ገፍታ ትገባ ጀመር። ሰፈሩም አላረፈም። ልጇ ፕሮግራሙን ስለሠራ ቀብር ብትቀርም የሚናገራት የለም ተባለ።

መጋቢት ላይ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ሳሰጣ እትዬ ዓለሜ በአጥሩ በኩል ጠሩኝ።

"ርሆቦት፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዳትስቂብኝ።"

"ኧረ ምን በወጣኝ።"

"እድሩ ባሏ የሞተባትን ሴት ያስወጣል እንዴ? አዲስ ሕግ ወጥቷል?"

"አልወጣም። ማን አለዎት?"

"ማንም አላለኝም። የሚለኝም የለ። ሰው ሲሞት የምሰማው በለቅሶው ነው፤ ስብሰባም አልጠራም። ከባሌ ጋር አብሬ የተቀበርኩ መስሎኛል።"

ስልካቸውን አምጡ አልኳቸው። ባለቁልፍ ትንሽ ስልክ ነው። መልእክቶቹን ከፈትኩ። ከእድሩ የመጣው የመጨረሻው መልእክት የጋሽ ኡርጌሳን ማረፍ የሚናገረው ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። የሥራ ጠባይ ሆኖብኝ በዚያው ቅጽበት ነገሩ የት እንደሆነ ገባኝ።

"ቦናን ለምን አልጠየቁትም?"

"ምን ብዬ?" አሉ። "የሚያስገባውና የሚያስወጣው እሱ አይደል? ሳያውቅ ይቀራል? አባቱ ከሞተ ወዲህ እንደሆነ እዚህ መምጣት ትቷል። ሥራ በዛብኝ ይለኛል። ምን እንዳስቀየምኩት አላውቅም።" ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። "ይሄን እንዳትነግሪው፤ አደራ።"

ቦና ወደ ቤት የማይመጣው የአባቱን ባዶ ወንበር ማየት ስላልቻለ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፤ ነግሮኛል። እሱም እንዳትነግሪያት ብሎኛል። ሁለቱም አደራቸውን እኔ ላይ ጥለው እነሱ አይነጋገሩም።

ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ቦናን ላፕቶፑን ክፈት አልኩት።

"የምን?"

"የእድሩን ኮድ። እናትህን ፈልጋት።"

ስማቸውን ጻፈ። የለም። እንደገና ጻፈ፤ የለም። ከዚያ አባወራ የሚለውን ክላስ ከፍቶ ማንበብ ጀመረ፤ እኔ ከጀርባው ቆሜ አብሬው አነበብኩ። 'አረፈ' የሚለው ሲነካ ፕሮግራሙ አስቀድሞ ለሁሉም መልእክት ይልካል፤ ቀጥሎ የሟቹን ኦብጀክት ያጠፋል። ኦብጀክቱ ሲጠፋ ውስጡ ያለው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ኮምፒውተሩ የታዘዘውን ነው ያደረገው። ጋሽ ኡርጌሳን ሲያጠፋ እትዬ ዓለሜንም ውሃ በላቸው፤ በመዝገቡ ልጅ የሚል ስም የነበረው ቦናም አብሮ ሄደ። ሌላ ሰፈር ስለሚኖር መልእክት አለመምጣቱን ልብ አላለውም።

ኮድ የሚያውቅ ሰው ይህን ስህተት በስሙ ይጠራዋል። ለብቻው መኖር የሚችለውን ነገር የሌላ ነገር አካል አድርጎ መሥራት ነው። መኪና ሲቃጠል ሞተሩ አብሮ ይቃጠል፣ እሺ። ሹፌሩን ግን መኪናው ውስጥ አትገጥመውም።

ቦና በጣቶቹ መቁጠር ጀመረ። "ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር…" አለ። "ከጋሽ ለሊሳ ቀብር ስትቀር እውነትም አልደረሳትም ነበር።"

"ጋሽ ለሊሳን ማን አጠፋቸው?" አልኩት።

ዞሮ አየኝ። ከዚያ ደሳለች ብሎ ጻፈ። እሳቸውም የሉም። ከፕሮግራሙ ወዲህ ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሁለቱ ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱም ወጥተዋል። ባለፈው ሳምንት የታችኛው መንደር ቀብር ላይ እትዬ ደሳለች አለመኖራቸው ትዝ አለኝ። አሟቸው ነው ተብሎ ነበር።

ማስተካከሉ ከባድ አልነበረም። ሰው የሚል ክላስ ሠራ፤ ባልም ሚስትም እያንዳንዳቸው ሰው ሆኑ፤ ትዳር ደግሞ በሁለቱ መካከል የሚሰመር መስመር ሆነ። አንዱ ሲያርፍ መስመሩ ይቀራል፣ ሌላው ባለበት ይቆያል። በዚህ ጊዜ ሳያሳየኝ አላስረከበም። ለሙከራ የራሴን ቤት አስገባሁ። አባቴን ገደልኩት፤ እናቴ ቀረች። እናቴን ገደልኳት፤ አባቴ ቀረ። ሁለቱንም ገደልኳቸው፤ እኔ ቀረሁ። ይሠራል ብዬ ፈረምኩለት።

"ለጋሽ ወልዱ ደውዬ ተስተካክሏል እላቸዋለሁ፣ በቃ" አለ ቦና።

"ለእናትህስ ማን ይነግራል? ሰፈሩ ውሸታም ነው ያላት።"

ላፕቶፑን ከደነ።

እሁድ የእድሩ ወርኃዊ ስብሰባ ነበር። ቦና እናቱን ይዞ መጣ። እኔ ደግሞ እትዬ ደሳለች ቤት ሄድኩ። ካልተጠራሁ አልሄድም አሉ። እኔ ጠራሁዎት አልኳቸው። አንቺ እድር ነሽ እንዴ ብለው አፈጠጡብኝ፤ ግን ነጠላቸውን አነሡ።

አዳራሹ በር ላይ ጋሽ ወልዱ ቦናን ክንዱን ይዘው ወደ ጎን ሲወስዱት ደረስን። ስልክ ላይ ነግሯቸው ኖሮ ፊታቸው ጠቁሯል። ፕሮግራሙን ለሌሎች እድሮች ሳይቀር ሲያስጎበኙ ነበር።

"ስማኝ ልጄ" አሉት። "ኔትወርክ ነው እንበል። ማን ይጠይቃል? ኔትወርክ ስንቱን ተሸክሟል። አንተም አትዋረድ፣ እኛም አንዋረድ።"

እውነት ለመናገር መጥፎ ሐሳብ አልነበረም። ኔትወርክ ለራሱ አይከራከርም። ቦናም ራሱን ነቀነቀ።

ስብሰባው ተከፈተ። ጋሽ ወልዱ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ በኔትወርክ ምክንያት ለአንዳንድ አባላት መልእክት ሳይደርስ ቀርቶ ነበር፣ አሁን ተስተካክሏል አሉ። ከኋላ አንድ ሰው፣ "ለኔ ሞጆ ድረስ መጥቷል፤ ለቀጨኔ ነው የጠፋው?" አለ። ጥቂቶች ሳቁ። እትዬ ዓለሜ ፊታቸው ላይ ምንም ሳይታይ መሬት መሬት ያያሉ። ያን ጊዜ ቦና ተነሣ።

"ኔትወርክ አይደለም" አለ። "እኔ ነኝ።"

ማብራራት የሚወደው ልጅ ቃል ጠፋው። ስለ ፕላንና ስለ ቤት ለመናገር ሞከረ፣ ተወው።

"እ… ማለቴ፣ እናቴን አባቴ ውስጥ ነው የጻፍኳት" አለ። "ለብቻዋ አልጻፍኳትም። አባቴ ሲወጣ ይዟት ወጣ። ከዚያ ወዲህ ምንም አልደረሳትም። ጋሽ ለሊሳ ሲያርፉም አልደረሳትም። እውነቷን ነው።"

መጀመሪያ የተናገሩት እትዬ ደሳለች ናቸው።

"እኔስ?" አሉ።

"እርስዎም እንደዚሁ ነዎት። ጋሽ ለሊሳ ውስጥ ነበሩ።"

እትዬ ደሳለች ቆሙ። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። ድምፃቸው ግን ዝቅ ያለ ነው።

"ባለፈው ሳምንት አላመመኝም" አሉ። "ቀብር መኖሩን አልሰማሁም። ሰው ሲመለስ ነው ያየሁት። ቤቴ ገብቼ በሬን ዘጋሁ።" ወደ እትዬ ዓለሜ ዞሩ። "በድንኳን ፊት አዋርጃታለሁና ለልጇ ነግራ አስወጣችኝ አልኩ። ሙሉ ሳምንት እንደዚያ እያልኩ አደርኩ፣ ዓለሜ። ስረግምሽ ነው የሰነበትኩት።"

እትዬ ዓለሜ ቀና አሉ።

"አንቺስ በኔ ነው ያሰብሽው" አሉ። "እኔ የገዛ ልጄ ያስወጣኝ መስሎኝ ነበር።"

ቦና ይህን ሲሰማ አየሁት። ስህተት ሳሳየው የሚያሳየውን ፊት አውቀዋለሁ፤ መጀመሪያ ይከራከራል፣ ቀጥሎ ይስቃል፣ ቀጥሎ ያርማል። ይሄኛው ፊት ከዚያ አልነበረም። እናቱ ፊት ሄዶ ተንበረከከ፤ ጉልበታቸውን ይዞ፣ "እማዬ፣ እኔ አንቺን?" ብቻ አለ። እትዬ ዓለሜ ራሱን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ። እትዬ ደሳለች መጥተው ከጎናቸው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ጋሽ ወልዱ የሚያነቡት ነገር ያላቸው ይመስል ስልካቸውን ያገላብጡ ጀመር። እኔም ዐይኔን ወደ ተከመረው ድስት መለስኩ፤ እዚያ ማልቀስ አልፈለግኩም።

ቦና ከዚያ ወዲያ እሁድ እሁድ ይመጣል። የአባቱ ወንበር ላይ መጀመሪያ የተቀመጠ ቀን እናቱ ሻይ አቀረቡለት።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ልወጣ ስል ከአጥሩ ማዶ ስልክ ጮኸ። እትዬ ዓለሜ አውጥተው አዩት፤ ከእድሩ መሆኑን ሲያውቁ ፊታቸው ላይ ፈገግታ መጣ። እድር ደግሞ ደስ የሚል ነገር ልኮ አያውቅም። ማንበቡ ቸግሯቸው ስልኩን በአጥሩ ላይ ሰጡኝ። ጥሩምባ ነፊያችን የነበሩት ጋሽ አቢ ሸጎሌ ማረፋቸውን ይላል። ነገርኳቸው። ፈገግታቸውን በእጃቸው ሸፈኑት፤ አፍረው።

"ምስኪን" አሉ። "ጥሩምባው የኔን ቤት አልፎ አያውቅም ነበር።"

ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ወጡ። እኔም ተከትያቸው ወጣሁ። ቁልቁል ስንወርድ የእትዬ ደሳለች በር ተከፈተ፤ እሳቸውም ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል፣ ስልካቸው በእጃቸው ነው።

"ደረሰሽ?" አሉ እትዬ ደሳለች።

"ደረሰኝ" አሉ እትዬ ዓለሜ።

መንገዱ ለሁለት ስለሚጠብ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ወደ ሸጎሌ ታክሲ ወረዱ።